ጥቁረት ብርታት አይደለም
ስለ ቡና አቆላል በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የማኅበራችን የንግግር ክፍል «ከትምህርትህ ውስጥ ለቤትህ የጠቀመህን አንድ ነገር ንገረን» ብሎ በጠየቀኝ ጊዜ መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም ነበር። እኔ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ፤ በቤታችን ደግሞ ሳሙና የሚሠራ ወይም ብረት የሚያቀልጥ ሰው የለም። ያለው የእናቴ የቡና ምጣድ ብቻ ነው። በኋላ ግን ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው፥ እዚህ በላቦራቶሪ ከተማርሁት ብዙውን በእውነት የገባኝ በዚያ ምጣድ ፊት ቆሜ መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ቡና አቆላል ነው። ቡናን ጥቂት ወይም ብዙ መቁላት ጣዕሙንና አፈላሉን እንዴት እንደሚለውጠው፥ በመጨረሻም ይህ ጉዳይ የኪስና የክብር ጉዳይ የሚሆነው ስለ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከመካከላችን «ይህ የሴቶች የጓዳ ሥራ ነው፤ ለንግግር የሚበቃ ነገር የለውም» የሚል ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። እኔም አንድ ጊዜ እንደ እርሱ ነበርሁ፤ የደረሰብኝንም አሁን እነግራችኋለሁ።

እናቴ አያት፥ ከኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች በአንደኛው ሥር፥ የጀበና ቡና ትሸጣለች። ሰፈሩን ለማታውቁት፥ አያት የከተማችን የምሥራቅ ጫፍ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር በምሥራቅ በኩል የሚያበቃው እዚያ ነው። ጧት ከ12 ሰዓት ጀምሮ ወደ መገናኛና ወደ መሀል ከተማ የሚሄደው ሰው በፊቷ ያልፋል፤ የታክሲ ሾፌርና ረዳት፥ የግንባታ ሠራተኛ፥ የጥበቃ ሰው፥ መምህር፥ ጸሐፊ። ብዙዎቹ ቁርስ ሳይቀምሱ ከቤት የሚወጡ ስለ ሆኑ፥ የእርሷ አንድ ሲኒ ቡና ለእነርሱ የቀኑ መጀመሪያ ነው። የእኔም ደብተር የተገዛው፥ ዛሬም የመመላለሻዬ ገንዘብ የሚገኘው ከዚያ ሲኒ ነው።

ሁለተኛ ዓመት ስገባ ስለ ቡና ኬሚስትሪ ጥቂት አነበብሁ። ያን ጊዜ ሁሉን ያወቅሁ መሰለኝና አንድ እሑድ ወደ ቤት ገብቼ «እማዬ፥ ቡናውን እኮ ታቃጥዪዋለሽ፤ ጣዕሙ ሁሉ በጭስ ይሄዳል» አልኋት። እናቴ አልተቆጣችም። ምጣዱን ከሰሉ ላይ ጣደች፤ አጥባ ያዘጋጀችውን ጥሬ ቡና ጨመረች፤ ማማሰያውን ሰጠችኝና «እንካ፥ ሳታቃጥል ቁላው» አለችኝ።

እኔም ፍሬው ከቢጫ ወደ ፈዘዘ ቡናማ መልክ ሲሻገር፥ ገና አንድ ሁለቱ መንጣጣት ሲጀምር፥ ፈጥኜ አወረድሁት። ሲወቀጥ እንደ ጠጠር እየዘለለ ከሙቀጫው ይወጣ ነበር። ተፈልቶ ሲቀዳ መልኩ ቀጭን ሻይ ይመስላል፤ ጣዕሙ ደግሞ የጥሬ እህልና የሣር ጣዕም ያለበት፥ ምላስን የሚያኮማትር ሆነ። በማግሥቱ ሰኞ ጧት የመጀመሪያው ደንበኛ ቀመሰውና ሲኒውን መልሶ አስቀመጠ። «እናት፥ ዛሬ ቡናው ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ጠየቃት። እናቴም «ዛሬ የቆላው የተማረው ነው» አለችው። በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ የዚያን ቀን የጧት ገበያዋን ያጣችው በእኔ ምክንያት ነበርና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ጥያቄ ይዤ ቆየሁ። አንደኛው፥ በምጣዱ ውስጥ በእውነት የሚደረገው ምንድን ነው? ሁለተኛው፥ እናቴ ቡናውን የምታጠቁረው ባለማወቅ ካልሆነ በምን ምክንያት ነው? የሚሉ ናቸው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ጥሬ የቡና ፍሬ ከክብደቱ ከመቶ ከ10 እስከ 12 የሚሆነው ውኃ ነው። የቀረው ስኳር፥ ፕሮቲን፥ ዘይት፥ ልዩ ልዩ አሲድ፥ እንደ እንጨት የጠነከረ የፍሬው አካል፥ ጥቂትም ካፌይን ነው። ፍሬው እሳት ሲያገኘው አስቀድሞ ይደርቃል። አረንጓዴው መልክ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ሽታውም በመጀመሪያ እንደ ሣር፥ ቀጥሎ እንደ ቆሎ ይሆናል። ሙቀቱ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ፥ ስኳሩና ከፕሮቲን ወገን የሆኑት ነገሮች እርስ በርሳቸው መዋሐድ ይጀምራሉ። ይህን ውሕደት ሉዊ ካሚል ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በ1912 እ.ኤ.አ. ስለ ገለጸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የዳቦ ቅርፊት የሚቀላው፥ የተጠበሰ ሥጋ መዓዛ የሚሰጠው፥ ገብስ ሲቆላ ቡናማ የሚሆነው በዚሁ ውሕደት ነው።

ፍሬው 200 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፥ በውስጡ የታመቀው እንፋሎትና ጋዝ ከውስጥ ወደ ውጭ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። እናቶቻችን «መንጣጣት ጀመረ» የሚሉት ይህን ነው። በዚህ ጊዜ ፍሬው ያብጣል፤ ስሱ ሽፋኑም እየተላጠ ይበራል። ይህ መንጣጣት በቅጡ ሳይሄድ የወረደ ቡና ውስጡ ጥሬ ነው፤ የእኔም ስሕተት ይኸው ነበር። መንጣጣቱ ጋብ ካለ በኋላ የዝምታ ጊዜ ይመጣል። እሳቱ ከቀጠለና ሙቀቱ ከ220 እስከ 230 ዲግሪ ሲደርስ ግን ሁለተኛ መንጣጣት ይሰማል። ይኸኛው ድምፁ ቀጠን ያለ፥ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማውን የሚመስል ነው። አሁን የሚሰባበረው የፍሬው አካል ራሱ ነው። ዘይቱ ወደ ውጭ ወጥቶ ፍሬውን ያብለጨልጨዋል፤ ጭሱም ይበዛል። ከዚያ አልፎ የሄደ እንደ ሆነ የሚገኘው ከሰል ነው።

ለንግግራችን እንዲመች አቆላሉን በሦስት ደረጃ ልክፈለው። በመጀመሪያው መንጣጣት መጨረሻ ላይ የሚወርደውን ፈካ ያለ፥ በሁለቱ መንጣጣቶች መካከል ባለው ዝምታ የሚወርደውን መካከለኛ፥ ሁለተኛው መንጣጣት ከጀመረ ወዲያ የሚወርደውን የጠቆረ እንበለው።

ፈካ ያለው አቆላል የፍሬውን የትውልድ ጠባይ ያሳያል። የታጠበ የይርጋ ጨፌ ቡና የአበባና የሎሚ መዓዛውን፥ በፀሐይ የደረቀ የሐረር ቡና የበሰለ ፍራፍሬ ጠባዩን የሚያወጣው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ጣዕሙ ኮምጠጥ ይላል፤ ይህም የፍሬው የራሱ አሲድ ገና ስላልተቃጠለ ነው። በመካከለኛው አቆላል ኮምጣጣነቱ ይለዝባል፤ የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ጣፋጭነት ይመጣል፤ ቡናው በአፍ ውስጥ ወፈር ይላል። በጠቆረው አቆላል ግን ስኳሩ ያልቃል፤ አሲዱ ይፈርሳል፤ የሚቀረው ምሬትና የጭስ ጣዕም ነው። ክሎሮጄኒክ አሲድ የተባለው ነገር በመካከለኛ እሳት ለዘብ ያለ ምሬት ሲሰጥ፥ እሳቱ ሲበዛበት ጉሮሮ የሚይዝ ብርቱ ምሬት ይሰጣል። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰን ቡና ከይርጋ ጨፌ ይሁን ከጅማ፥ ከሐረር ይሁን ከነቀምቴ መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው። እሳቱ ሁሉንም አንድ ልብስ ያለብሳቸዋል።

እዚህ ላይ በሰፈራችን በጣም የተስፋፋውን አንድ አሳብ ማንሣት አለብኝ፤ ይኸውም «ቡና በጠቆረ ቁጥር ይበረታል» የሚለው ነው። ከደንበኞቿ መካከል እንቅልፍ የሚያስቸግረው የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ «ጠቆር ያለውን ስጪኝ፥ እንዲያነቃኝ» ይላታል። ነገር ግን የሚያነቃው ካፌይን ነው፤ ካፌይን ደግሞ እሳትን የሚችል ነገር ስለ ሆነ በመቁላት የሚጠፋው ጥቂት ብቻ ነው። በሚዛን እኩል ከተመዘኑ፥ የፈካውም የጠቆረውም ካፌይን ተቀራራቢ ነው። በማንኪያ ከተለካ ግን የጠቆረው ፍሬ አብጦ ክብደቱ ስለ ቀነሰ፥ በአንዱ ማንኪያ ውስጥ የሚገባው ቡና ያነሰ ነው። ስለዚህ ያ የጥበቃ ሠራተኛ የሚያገኘው ምሬትን ነው፤ ምላሱም ምሬቱን ብርታት ብሎ ይተረጉምለታል። ጥቁረት ብርታት አይደለም።

አሁን ወደ አፈላሉ ልሂድ። የአቆላሉ ደረጃ ከማፍያው ዕቃ ጋር መስማማት አለበት። በጣም የተቆላ ፍሬ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበትና ተሰባሪ ስለ ሆነ፥ ሲወቀጥ ቶሎ ይልማል፤ ውኃም በቀላሉ ገብቶ ያለውን ሁሉ ፈጥኖ ያወጣል። ጥቂት የተቆላው ግን ጠጣር ነው፤ ስለዚህ ይበልጥ የላመ ዱቄት፥ ይበልጥ የሞቀ ውኃ፥ ወይም ይበልጥ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። የሞያው ሰዎች ከዱቄቱ ክብደት ከመቶ ከ18 እስከ 22 የሚሆነው በውኃው ውስጥ ሲሟሟ ቡናው ሚዛኑን ጠብቋል ይላሉ። ከዚያ ሲያንስ ኮምጣጣና ቀጭን፥ ሲበልጥ መራራ ይሆናል።

ስለ ውኃው ሙቀት አንድ የራሳችን ነገር አለ። የውጭ አገር መጻሕፍት «ውኃው ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ይሁን እንጂ አይፍላ» ይላሉ። ይህ ምክር የተጻፈው ውኃ በ100 ዲግሪ በሚፈላበት በባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ስላለች፥ አየሩ ቀለል ያለ ነው፤ ውኃም የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አያት ላይ የሚንተከተክ ጀበና፥ የቱንም ያህል ከሰል ቢነድበት፥ ከዚህ ብዙ አያልፍም። በዓለም ዙሪያ ቡናን ቀምሰው ደረጃ የሚሰጡ ባለሞያዎች በዱቄቱ ላይ የሚያፈሱት ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ የእናቴ ጀበናና የቀማሾቹ ማንቆርቆሪያ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢለያዩ ነው። ስለዚህ «ጀበና ቡናን በሙቀት ያቃጥላል» የሚለው ወቀሳ በእኛ ከተማ አይሠራም። ጀበና ቡናን የሚያበላሸው ጊዜው ሲረዝም ነው፤ ገንፍሎ ከወጣ በኋላ ሳይወርድ እሳት ላይ የቆየ እንደ ሆነ ምሬቱ ይወጣል። ሸክላው ራሱ ሙቀት ስለሚይዝ፥ ከእሳት ወርዶ ማቶቱ ላይ ተቀምጦ እየሰከነም ቡናው መሟሟቱን አያቆምም።

በዚህ ዓይን ስናየው አቦል፥ ቶናና በረካም ሌላ ትርጕም ያገኛሉ። ውኃ ከቡና ውስጥ ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ አያወጣም። አሲዱና መዓዛው ይቀድማሉ፤ ጣፋጩ ይከተላል፤ ምሬቱ በመጨረሻ ይመጣል። በአንዱ አተላ ላይ ሦስት ጊዜ ውኃ የሚጨምሩት እናቶቻችን ይህን በየተራ እየለዩ ያቀርቡታል ማለት ነው። እኔና እናቴ ሁለቱን አቆላል ጎን ለጎን አፍልተን ስናየው፥ መካከለኛው ለቶናና ለበረካ ያስቀረው ጣዕም ነበረው፤ የጠቆረው ግን ያለውን በአቦሉ ጨርሶ፥ በረካው ቀለም ያለው መራራ ውኃ ሆነ።

የጠቆረ አቆላል ግን ቦታ የለውም ማለቴ እንዳልሆነ ተረዱልኝ። በጣሊያኖች መኪና የሚፈላው ቡና በ9 ባር ግፊት፥ ከ25 እስከ 30 ሴኮንድ ብቻ በሚሆን ጊዜ ውስጥ የሚወጣ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ቶሎ የሚሟሟ ጠቆር ያለ ቡና ይመቸዋል፤ ወተት ሲጨመርበት ደግሞ የወተቱ ጣፋጭነት ምሬቱን ያለዝበዋል። በ1953 እ.ኤ.አ. በፒያሳ ከተቋቋመው ከቶሞካ ጀምሮ ከተማችን የለመደችው ማኪያቶ የሚጣፍጠው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ሠላሳ ሴኮንድ ለሚሠራ መኪና የተስማማው አቆላል፥ ብዙ ደቂቃ ለሚሠራ ጀበናም ይስማማል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በቦሌ በኩል በተከፈቱት አዳዲስ ቡና ቤቶች በወረቀት ማጥለያ የሚቀዳው ፈካ ያለ ቡናም እንደዚሁ የራሱ ዕቃ አለው። ለጀበና የሚስማማው፥ እኔ እንደ ደረስሁበት፥ በሁለቱ መንጣጣቶች መካከል ያለው ነው።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ሁለተኛውን ጥያቄ ለእናቴ አቀረብሁላት። «እማዬ፥ መካከለኛው እንደሚሻል አንቺም ታውቂያለሽ፤ ታዲያ ለምን ታጠቁሪዋለሽ?» አልኋት። መልስ ሳትሰጠኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ገበያ ይዛኝ ሄደች። ሁልጊዜ የምትገዛውን ርካሹን ቡና በመዳፏ ዘግና አሳየችኝ። ትልቁና ትንሹ ተደባልቋል፤ የተሰበረ አለ፤ የጠቆረ አለ፤ ተባይ የበሳው አለ፤ ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋው እርጥበት ያገኘው ጆንያ ይሸታል። «ይህንን አንተ እንደምትለው አድርጌ ብቆላው ሻጋታው ለሰው ሁሉ ይሸታል። ሳጠቁረው ግን ሁሉም አንድ ይሆናል። ደንበኛዬ መራራ ነው ብሎ ይጠጣል፤ ሻጋታ ነው ብሎ ግን አይመለስም» አለችኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከዚህ የተሻለ የኬሚስትሪ ትምህርት አላገኘሁም። እናቴ ቡናውን የምታጠቁረው አቆላል ስለማታውቅ አልነበረም። የምትገዛውን ቡና ጠንቅቃ ስለምታውቅ ነበር።

ነገሩ ከእርሷ ምጣድ ያለፈ ነው። አገራችን የዐረብ ቡና የሚባለው ዝርያ መገኛ ናት፤ በደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን ውስጥ እስከ ዛሬ ሰው ሳይተክለው ይበቅላል። ከምናመርተውም ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ራሳችን ነን። ይሁን እንጂ የውጭ ምንዛሪ አስፈላጊነት ስለሚያስገድድ፥ ለውጭ ገበያ ደረጃ የበቃ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለብዙ ዓመታት በሕግ ሲከለከል ኖሯል፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቡና አዋጅም ይህንኑ መንገድ የተከተለ ነበር። የምክንያቱን ክብደት አልክድም፤ በዚያ ምንዛሪ መድኃኒትና ነዳጅ ተገዝቶበታል። ውጤቱ ግን ለጠጪው የተረፈው አብዛኛውን ጊዜ ከምርጫ የወደቀው መሆኑ ነው። ከምርጫ የወደቀውን ቡና የሚሸፍነው ደግሞ ጥቁረት ነው። ከትውልድ ትውልድ እየጠቆረ የመጣው ምሬት ልማድ ሆነ፤ ልማዱም «የአበሻ ቡና ጠባይ» ተባለ። ተቆልቶና ተፈጭቶ በከረጢት በሚሸጠው ዱቄት ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ገብስ ቢደባለቅበት እንኳ ጥቁረቱ ስለሚሸሽገው ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ እኔና እናቴ አንድ ወር ያህል ሙከራ አደረግን። ከርካሹ ይልቅ አንድ ደረጃ የሚሻለውን ቡና ገዛን። ከመታጠቡ በፊት የተሰበረውንና የጠቆረውን ፍሬ ለቅመን አወጣን፤ የተለያየ መጠን ያለው ፍሬ በአንድ ምጣድ ላይ ሲቆላ ትንሹ ሲያር ትልቁ ጥሬ ይቀራልና። ምጣዱን ሳንሞላ ጥቂት ጥቂት እያደረግን ቆላን። የመጀመሪያው መንጣጣት ጋብ ሲል፥ ፍሬው የምንፈልገውን መልክ ሊይዝ ጥቂት ሲቀረው አወረድነው፤ የጋለ ፍሬ ከእሳት ወርዶም መብሰሉን አይተውምና። ወዲያው ሰፌድ ላይ ገልብጠን በማናፈስ አቀዘቀዝነው።

ክብደቱንም መዘንን። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና በመካከለኛ አቆላል 850 ግራም ያህል ይሆናል፤ አጥቁረው ሲቆሉት ግን ወደ 800 ግራምና ከዚያም በታች ይወርዳል። በመካከሉ ያለው 50 ግራም በጭስ የሄደ ነው፤ ለአንድ ጀበና የሚበቃ ቡና ማለት ነው። እናቴ ይህን ስታይ ብዙ ዝም አለችና «ስንት ዓመት ሙሉ በየኪሎው አንድ ጀበና ለሰማይ ሳጠጣ ኖሬአለሁ» አለች።

ውጤቱን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገራችሁ። ከደንበኞቿ ብዙዎቹ ልዩነቱን ሳያስተውሉ ጠጡ። ጥቂቶቹ «ዛሬ ቡናው ሌላ ነው፤ ስኳር መቀነስ እችላለሁ» አሉ። ያ የጥበቃ ሠራተኛ ግን «ቀጠነብኝ» ብሎ ለሁለት ቀን ወደ ሌላ ሻጭ ሄደ። የዋጋው ነገርም አለ። ከጭሱ ያዳነው ክብደትና ተለቅሞ የሚጣለው ፍሬ ሲተሳሰብ፥ የተሻለው ቡና ከርካሹ አሁንም በጥቂት ይወደዳል፤ እርሷ ደግሞ በሲኒው ዋጋ ላይ አንድ ብር ብትጨምር በአጠገቧ ካለችው ጋር መወዳደር አትችልም። አሁን የምታደርገው ሁለት ዓይነት መቁላት ነው፤ ለለመዱት ጠቆር ያለውን፥ ለጠየቋት መካከለኛውን። መካከለኛውን የሚጠይቁት እየበዙ ከሄዱ ሁሉንም እንደምትለውጥ ነግራኛለች። ጥያቄው እንግዲህ ከሻጯ ወደ ጠጪው ዞሯል።

«ጣዕም የልማድ ነገር ነው፤ ምሬቱን ለወደደው ሰው ምን አገባህ?» የሚለኝ ይኖራል። ትክክል ነው። ሁለቱን ቀምሶ የጠቆረውን የመረጠ ሰው ምርጫውን መርጧል፤ እኔም አከብርለታለሁ። የምከራከረው አንዱን ብቻ ሲቀምስ ስለ ኖረው ሰው ነው። እርሱ አልመረጠም፤ ተመርጦለታል። «ፈካ ያለ ቡና የውጭ አገር ሰዎች ፋሽን ነው» የሚልም አለ። እኔ ግን የጠየቅኋቸው አረጋውያን እናቶች ጥሩ ቡና ሲገኝ «ቀይ አድርገህ ቁላ፥ አታሳርረው» የሚል ትእዛዝ ከእናቶቻቸው እንደ ሰሙ ነግረውኛል። ጭሱን በእንግዶች ፊት ማዟዟራችንም እኮ መዓዛ ያለው ቡና መሆኑን ማስመስከር ነው። ያረረ ቡና በእንግዳ ፊት አይዞርም።

ከዚህ ስብሰባ ባዶ እጃችንን እንዳንወጣ ሦስት አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ በየቤታችን ሚዛን ካለ 100 ግራም ጥሬ ቡና መዝነን እንቁላና መልሰን እንመዝን። ወደ 85 ግራም ከሆነ መካከለኛ ነው፤ ወደ 80 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ እያሳረርን ነው። ሚዛን ለሌለው ደግሞ ጆሮው ይበቃዋል፤ በሁለቱ መንጣጣቶች መካከል ያውርደው።

ሁለተኛ፥ የማኅበራችን ሻይ ቤት የተፈጨ ዱቄት መግዛቱን ትቶ ፍሬውን እንዲገዛ፥ ቡናው የመጣበትን አገርና የተቆላበትን ቀን በሰሌዳ ላይ እንዲጽፍ እንጠይቅ። ይህ ወጪ የሌለው ነገር ነው፤ የጠጪን ዓይን ግን ይከፍታል።

ሦስተኛ፥ የኬሚስትሪና የግብርና መምህራኖቻችን ቢፈቅዱልን፥ በወር አንድ ጊዜ የመቅመሻ ጠረጴዛ እናዘጋጅ። አንዱን ቡና በሦስት ደረጃ ቆልተን በጀበና፥ በመኪናና በማጥለያ እናፍላው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከመምህራኑ ጎን በሰፈሩ ቡና የሚሸጡ እናቶችም እንዲቀመጡ እለምናለሁ። እኛ ቴርሞሜትር እናመጣለን፤ እነርሱ አፍንጫቸውንና ጆሯቸውን ያመጣሉ። የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ እኔ በአንድ ሰኞ ጧት ተምሬአለሁ።

በመጨረሻ፥ ነገ ጧት ወደዚህ ስትመጡ መንገድ ዳር ቡና የምትሸጥ አንዲት እናት ብታዩ፥ ከመቀመጣችሁ በፊት «የቆላሽው ምን ያህል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ምንም ይሁን፥ ጥያቄውን የሚጠይቅ ሰው መኖሩን ስታውቅ በሚቀጥለው ጊዜ ገበያ ወጥታ ጥሬ ቡናውን የምትዘግነው በሌላ ዓይን ነው። እናቴ ይህን ጥያቄ ስትሰማ ደስ ይላታል፤ አቦሉንም መርጣ ትቀዳላችኋለች።